ለአባት የሙቅ ውሃ ገንዳ፦ ጋዝ ወይስ መብራት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ለገጣፎ ግቢሽ ውስጥ ለአባትሽ የሙቅ ውሃ ገንዳ ልታሠሪ ነው። ብርድ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት ሁለት ቀን ፍልውሃ ይመላለሱ ነበር፤ አሁን መንገዱ ከበዳቸው። ገንዳውን የሚሠራልሽ ሰው "በሲሊንደር ጋዝ ይሁን" አለሽ፤ ወንድምሽ ደግሞ "በመብራት ነው እንጂ" ብሎ ድርቅ አለ። የቱ ይረክሳል ነው ያልሽው። እኔ ሱሉልታ ላይ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ሁለቱም አቃጥለውኛል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አጭሩን ላስቀድም። በዋጋ መብራት ያሸንፋል፤ ያውም በሰፊው። ክዳን ከሌለሽ ግን ሁለቱም ያራቁቱሻል።

ሂሳቡን እንየው። የእኔ ገንዳ 1,200 ሊትር ይይዛል። አራት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል። የጉድጓድ ውሃዬን በቴርሞሜትር ስለካው 16 ዲግሪ ነው። ሰው እንዲገባበት 38 ማድረስ አለብኝ፤ ልዩነቱ 22 ዲግሪ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በጋዝ ብታሞቂው፣ በመብራት ብታሞቂው፣ በባህር ዛፍ ብታሞቂው ውሃው የሚጠይቅሽ ያንኑ ነው። ስለዚህ ገንዳዬ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪሞቅ 31 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በምጣድ ላስረዳሽ፦ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ እንደ መዋል ነው።

አሁን ወደ ጋዙ። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል 12.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ሁሉም ግን ውሃው ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ደህና ቦይለር 80 በመቶውን ቢያስቀርልሽ ከኪሎው 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርስሻል። ባለ 12.5 ኪሎው ሲሊንደር እንግዲህ 125 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህችን 125 ያዣት። ሲሊንደሩን ያስሞላሽበትን ብር ለ125 አካፍይ፤ የጋዝሽ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ያ ነው። ለምሳሌ በ2,500 ብር ብታስሞዪ 20 ብር ይመጣል።

መብራት ደግሞ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ በወር ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ቤት እንኳን 2.48 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጓል፤ ዕቅዱ የአራት ዓመት ነው። ስለዚህ የእኔን አሮጌ ደረሰኝ ሳይሆን የራስሽን የመጨረሻ ሂሳብ እዪ። ስታዪም ዝቅተኛውን እርከን አትያዢ። ታሪፉ በአጠቃቀም መጠን ስለሚያድግ ገንዳው ሲጨመር ወደ ላይ መግፋቱ አይቀርም፤ በዚያኛው አስዪው። እንበልና 6 ብር ደረሰብሽ። ጋዙ ከዚያ ጋር እኩል እንዲሆን ሲሊንደሩ በ750 ብር መሞላት አለበት። በ750 የሚሞላልሽ ካገኘሽ ለእኔም ደውዪልኝ።

ጋዝ ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

"ታዲያ አንተ ለምን በጋዝ ጀመርክ?" ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ መብራት ሲሄድ ጋዝ አይሄድም ብዬ። (ፓምፑ በመብራት እንደሚሠራ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። ሳቂ።) ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው፤ ይሄኛው እውነት ነው። የ3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ያንን 31 ለመጨረስ ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈጃል። የጋዝ ቦይለር በሦስት ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። እንግዳ መጣሁ ብሎ ከሰዓት ቢደውል ማታ ይገባበታል።

ቦይለሩን የሸጠልኝ ሰው 20 ኪሎ ዋት ነው ብሎኝ ነበር። ወረቀቱም ላይ እንደዚያ ይላል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እሳቱ የሚፈልገውን ኦክስጅን አያገኝም። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆነ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቦይለሩ ሆድ ጥላሸት በጥላሸት። ለከፍታ እንዲሆን አፍንጫው መቀየርና የጋዙ መጠን መቀነስ ነበረበት። ሲቀነስ ደግሞ ያ 20 የተባለው ወደ 14 ወረደ። ለገጣፎም ደጋ ነው፤ ከዚህ አታመልጪም። በጋዝ የምትሄጂ ከሆነ ሻጩን "ለዚህ ከፍታ ተስተካክሏል ወይ?" ብለሽ ጠይቂው። ዝም ብሎ ካየሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። የኅዳርን ሌሊት ታውቂዋለሽ፤ ሰማዩ ጥርት፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ። እንግዶች ነበሩኝ። ቦይለሩን ለኮስኩ፤ አንድ ሰዓት ደህና ሠራ። ከዚያ ነበልባሉ እየሟሸሸ ሄደ። ሲሊንደሩ ጋ ስሄድ ከወገቡ በታች ነጭ በረዶ ለብሷል። በጣቴ ስነካው ጣቴ ተጣበቀ። ጋዙ አላለቀም፤ ሳወዛውዘው ይንቦጫረቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው። በሰዓት አንድ ኪሎ እየሳብሽ፣ ውጪው በረዶ እየሆነ፣ ሲሊንደሩ የሚያሞቀው የለም። ፕሮፔን የሚባለው ጋዝ ብቻውን ቢሆን ከዜሮ በታች 42 ድረስ ይተናል። ቡቴን የሚባለው ግን ዜሮ አካባቢ ላይ መትነኑን ትቶ ይተኛል፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ "የፈላ ውሃ አፍስስበት" አለኝ። እባክሽ እንዳታደርጊው። እሳትም እንዳታስጠጊ። መፍትሔው ሁለት ሲሊንደር አጣምሮ ማገናኘት ነው፤ ጭነቱን ይካፈላሉ። ለእኔ ያ ማለት ባዶ ሲሊንደር በሁለት እጄ ይዤ ወረፋ መቆም ሆነ።

ሳልረሳ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ታች ይወርድና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሲሊንደሩን ገንዳው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እንዲያስቀምጥልሽ እንዳትፈቅጂ፤ "ለዓይን እንዳያስጠላ" ብለው እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ። ቦይለሩም ክፍት ቦታ ይሁን፤ የታፈነ በረንዳ ውስጥ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳይሸት ሰው ይገድላል።

መብራት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ያስገባልኝ ኤሌክትሪሺያን ከቤት በተሳበ 2.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በተራ ሶኬት አገናኘው። በሦስተኛው ሳምንት ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሶኬቱ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተስቧል። 3 ኪሎ ዋት 14 አምፒር ገደማ ነው፤ ለአፍታ ሶኬቱ ይችለዋል፣ ለአሥር ሰዓት ግን አይደለም። አሁን ከዋናው ሳጥን ለብቻው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ለብቻው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) አለው። ከሁሉም በላይ ባለ 30 ሚሊ አምፒሩን ብሬከር አስገቢ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንኳን ወደ ውሃው ካፈሰሰ በቅጽበት የሚቆርጠውን። አባትሽ እርጥብ ሆነው የሚቀመጡበት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቢ።

ሁለተኛው ጣጣ የኃይል መድከም ነው። እኛ ሰፈር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ቮልቴጁ 180 ይወርዳል። የበዓል ዋዜማማ አታንሺው። 220 ሲሆን 3 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ 180 ላይ የሚሰጠው 2 ብቻ ነው። አይበላሽም፤ ይንቀራፈፋል እንጂ። ሂሳቡም ያንኑ ያህል ስለሚቀንስ አልተዘረፍሽም። እኔ ታይመር ገጠምኩለት፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ይሠራል። ያኔ ሰው ተኝቷል፣ መብራቱም ጉልበት አለው።

አሁን ወደ ክዳኑ፤ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ገንዳውን በሸራ ብቻ ነበር የምሸፍነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልሸፍነውም። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ 38 ትቼው ጠዋት 1 ሰዓት ስለካው 24። በአሥር ሰዓት 14 ዲግሪ ሄደ። በጋዝ ስታስዪው ሁለት ኪሎ የሚሆን ጋዝ በእንፋሎት መልክ ወደ ሰማይ ላክሁ ማለት ነው። ያን ጠዋት ገንዳው ዳር ቆሜ እንፋሎቱን ሳየው የሚተን ብር ሆኖ ታየኝ። ከዚያ አናጺ ጠርቼ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስታይሮፎም በሁለት ቁራጭ አስቆረጥኩ፤ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ስፌቱ ተዘጋ። ጠርዙ ላይ የጎማ ማሸጊያ አለው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርድ፣ ጠዋት ስለካው 35 ተኩል። ላስቲኩ እንዳይቀደድ ብቻ ተጠንቀቂ። የእኔ አንዴ በክረምት ተቀድዶ ፎሙ ውሃ ጠጣ፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው ሆነ፣ ሙቀት መያዙንም ተወ።

ወደ አባትሽ ልመለስ። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚገቡት። ገንዳውን ሁልጊዜ 38 ላይ አትያዢው። ጥሩ ክዳን ያለው የእኔ ገንዳ ተጠፍቶ ሦስት ቀን ተኩል ሲቆይ 24 አካባቢ ይገኛል። መልሶ ለማሞቅ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ሁሌ እንደሞቀ ብይዘው ግን በዚያው ጊዜ 29 ይበላል። ስለዚህ አጥፍተሽ ተዪው፤ በዋዜማው ሌሊት ታይመሩ ያሙቀው፤ አባባ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይግቡ። ይህ በወር 170 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባልነው 6 ብር 1,020 ብር፤ በጋዝ ደግሞ በ2,500 ብሩ ሲሊንደር 3,400 ብር። ገንዳሽ ከእኔ ካነሰ ደግሞ በዚያው ልክ ቀንሺው።

ሌላም አማራጭ አለ፤ ጣራ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ማሞቂያ። በበጋ ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል፤ በክረምት ግን ብዙ አትጠብቂበት። እንጨቱን ተዪው፤ ጭሱን ጎረቤት አይወድልሽም። እቴጌ ጣይቱ ዕድለኛ ነበሩ፤ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ፍልውሃ ሲወርዱ መሬቱ ራሱ አሙቆ ነው የጠበቃቸው።

እኔ ቦይለሩን አልሸጥኩትም። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ጠዋት ከተመለሰና እንግዳ ካለኝ በእሱ አፈጥነዋለሁ። በዓመት ሦስት ሲሊንደር ቢጨርስ ነው። አንቺ ግን ከእሱ አትጀምሪ፤ የቦይለሩን ብር ለክዳኑና ለገመዱ አድርጊው።

አንድ ነገር ብቻ። አባባ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመሽ ሐኪማቸውን ጠይቂ። 38 ይበቃቸዋል፤ ከ40 እንዳይበልጥ። ሲወጡም የሚደግፋቸው ሰው ይኑር፤ እግር ይከዳል። የክዳኑን ልክና የአናጺውን ስልክ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።