«ታይፎይድ ነው» ተብለሽ ለተመለስሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ወር ሙሉ ድካም አልለቅ ብሎሽ ጤና ጣቢያ ሄድሽ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይሽ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈ፣ ጨርሰሽውም ያው ነሽ። ተመልሼ ልሂድ ወይስ የግል ክሊኒክ ልሞክር ነው ያልሽው። እዚሁ ጅማ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም እንደዚሁ ሆኜ ስለነበር ላስረዝምብሽ ነው።

የጅማው መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ያኔ ከሰዓት ላይ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር፤ ደንበኛ ቆሞ እያየኝ አንቀላፋለሁ። ጤና ጣቢያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰልፌ አምስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ውስጥ የቆየሁት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ምንሽን ነው?»
«ድካም። ራሴንም ያመኛል።»
«ትኩሳትስ?»
«አንዳንዴ።»

ከዚያ ላብራቶሪ፣ ዊዳል የሚሉት የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ «ሪአክቲቭ» (አለብሽ ማለታቸው ነው)፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ደህና ሁኚ። ክብደቴ እንኳ አልተለካም። ስወጣ የተሰማኝ ንዴት አይደለም፣ ሐፍረት ነው። ያልታመምኩትን ታመምኩ ብዬ ሰው ያስቸገርኩ መሰለኝ።

ሲፕሮው አለቀ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያም ያው ዊዳል፣ አሁን ደግሞ «ታይፈስም አለ» ተብሎ ዶክሲ የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ተጨመረ። (በከተማችን ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።)

ነገሩን ያወቀችብኝ አክስቴ ናት። ቡና እየጠጣን «አንቺ፣ ይኼ ሦስተኛ ብርጭቆ ውኃሽ ነው። ሌሊትስ ስንቴ ትነሻለሽ?» አለችኝ። አራቴ፣ አምስቴ። እሷ ስኳር ስላለባት መለኪያዋን አምጥታ ጣቴን ወጋችው። 340 ምናምን። ዝም ተባባልን።

በማግስቱ የሄድኩት እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። የገጠመችኝ ግን ሌላ ጤና መኮንን ነበረች፤ ገና ስቀመጥ «ሽንት ይመላለስብሻል? ልብስሽ ሰፍቶሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። በጾም አስለክታ፣ ሪፈር ጽፋ ላከችኝ። ስኳር በጾም 126ና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የስኳር በሽታ የሚባለው፤ የኔ 212 ነበር።

የመጀመሪያው ሐኪም ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ አልሸፍንለትም። ግን እኔም ስለ ውኃ ጥሙ ትንፍሽ አላልኩም፤ የሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። «ድካም» ብቻ ካልሽ እዚህ አገር ታይፎይድ ተብለሽ ትመለሻለሽ። አሁን ከመሄዴ በፊት ማታ የተለወጠውን ሁሉ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ በጣም ያስፈራኝን መጀመሪያ እናገራለሁ። «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ብዬም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁርብሻል፣ ቢያጠቁርም ጠይቂ።

ዊዳል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። የሚያየው ሰውነትሽ ለተሕዋሱ ያመረተውን መከላከያ ስለሆነ፣ ዱሮ ታመሽ ከነበረ ወይም ሌላ በሽታ ካለብሽም «ሪአክቲቭ» ሊልብሽ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ዙር ሲፕሮ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ።

የግል ክሊኒኩን እኔ ብሆን አልቸኩልም። በተለይ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለሽ፣ ሆስፒታል የሚያስገባሽ ሪፈሩ ከዚያው ጤና ጣቢያ ነው የሚጻፈው። ሌላ ሰው እንዲያይሽ ካርድ ክፍል ለምኚያቸው፤ እኔን እምቢ አላሉኝም። የድሮውን የላብራቶሪ ወረቀትም ያዢ። ስኳርና ደም ማነስ፣ ከተቻለም የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዲያዩልሽ በስማቸው ጠይቂ፣ ሦስቱም እንዲህ ያደክማሉ።

ክብደትሽ እየቀነሰ፣ ውኃ እየጠማሽ፣ በዚያ ላይ ማስታወክ ወይም ትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ግን ካርድና ሰልፍ ተዪ። ባጃጅ ያዢና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።