የድሮ ሽጉጥና የባሩድ ስፍር፦ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ስለ ድሮ መሣሪያ የሚደርሰኝ ጥያቄ በርክቷል፤ አብዛኛው ደግሞ ስለ ባሩድ አለካክ ነው። የምናወራው ቀለህ ስለሌለው፣ ባሩዱና እርሳሱ ለየብቻ በፊት በኩል ስለሚጎርስ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነው። ይህን የምጽፈው የዕቃውን አሠራር እንድታውቁ እንጂ እንድትተኩሱበት አይደለም። አገራችን ውስጥ መሣሪያ የሚያዘው በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ነው። የአያት ቅርስ ቢሆንም መጀመሪያ ፖሊስ ጠይቁ።

«ከአያቴ ሣጥን ውስጥ አፉ ላይ ጠባብ ቱቦ ያለው የነሐስ ኮዳ አገኘን። ምንድን ነው?» (ከሽምብጥ)

እንደገለጽከው ከሆነ የባሩድ ኮዳ ይመስላል። ዋናው ነገር ቱቦው ነው። ተኳሹ ጣቱን ቱቦው አፍ ላይ ያደርጋል፣ ኮዳውን ይገለብጣል፣ ከቱቦው ሥር ያለችውን መዝጊያ ከፍቶ ይለቃታል። ቱቦው ውስጥ የቀረው ለአንድ ተኩስ የሚበቃ ባሩድ ነው። ሚዛን የለም፤ ጥቁር ባሩድ (ጭስ የሚበዛበት የድሮው ባሩድ) የሚለካው በስፍር ነው፣ ልክ ቅዳሜ ገበያ ጤፍ በጣሳ እንደሚሰፈረው። ጣሳውን መታ መታ ያደረገና ያላደረገ ነጋዴ እኩል እንደማይሰጡህ ታውቃለህ። ባሩድም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ተኳሽ ስፍሩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሞላል፣ አፉን ይልጋል፣ አይጠቀጥቅም።

ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በእነዚህ ሽጉጦች ኢላማ የሚተኩሱ ሰዎች ከኮዳው በቀጥታ ወደ ሽጉጡ አይገለብጡም። መጀመሪያ ወደ ትንሽ መስፈሪያ፣ ከዚያ ወደ ሽጉጡ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካለፈው ተኩስ የቀረ ፍም ቢኖር የሚቀጣጠለው መስፈሪያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ ኮዳው ሙሉ ከሆነ ግን እጅህ ላይ ቦምብ ይዘሃል ማለት ነው። ያገኛችሁት ኮዳ ሲነቀነቅ ድምፅ ካለው አትክፈቱት፣ ከእሳት አርቃችሁ ለፖሊስ አሳውቁ።

«ቪዲዮ ላይ 30 ግሬን ይላሉ። ግራም ማለታቸው ነው?» (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አይደለም፣ ልዩነቱም ሰው ይገድላል። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ገደማ ነው። 30 ግሬን ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ሌላም ነገር አለ፤ መስፈሪያው ላይ የተጻፈው ግሬን ለእውነተኛ ጥቁር ባሩድ የወጣ ነው። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚያገለግሉ እንደ ፓይሮዴክስ ያሉ ባሩዶች ቀለል ስለሚሉ በዚያው ስፍር ይሰፈራሉ እንጂ ሚዛን ላይ ወጥተው 30 እስኪሞሉ አይጨመርባቸውም። ትሪፕል ሰቨን የሚባለው ምትክ ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ ስፍሩን 15 በመቶ ያህል መቀነስ ይመከራል።

«ስንት ይጎርሳል ታዲያ? ትንሽ ማድረግስ አይሻልም?»

እንደ ሽጉጡ ነው። የአሜሪካኖቹን የኮልት ሽጉጦች ብንወስድ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የ1851ዱ ኮልት ኔቪ ከ20 እስከ 25 ግሬን፣ የ1860ው ኮልት አርሚ ከ25 እስከ 30 የተለመደ ነው። የ1847ቱ ኮልት ዎከር ግን እስከ 60 ይጎርስ ነበር፣ ከሽጉጥ ይልቅ አጭር ጠመንጃ ልንለው እንችላለን። ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ኡበርቲና ፒዬታ የሚሠሯቸው ቅጂዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ አካላቸው ከብረት ሳይሆን ከነሐስ የተሠሩት ከበድ ያለ ስፍር አይችሉም፤ እየቆዩ ይላላሉ።

ማሳነሱ ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኢላማም ላይ የተሻለ ይመታል። ችግሩ ክፍተት ነው። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ተደግፎ መቀመጥ አለበት፤ በመካከላቸው አየር ከቀረ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ስፍሩን የሚያሳንሱ ተኳሾች ከባሩዱ በላይ የበቆሎ ዱቄት ወይም ሰሞሊና ጨምረው ክፍተቱን ይሞላሉ። እርሳሱም ከሚጎርስበት የተሽከርካሪው ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ሲገፋ ዙሪያውን ቀጭን ቀለበት ተልጦ ከወጣ በደንብ ገጥሟል ማለት ነው። ካልገጠመ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ ይዘልና ሁለት ሦስቱ አብረው ይተኩሳሉ። እርሳሱ ላይ ቅባት የሚቀባውም አንድም ለዚህ፣ አንድም ጥላሸቱን ለማለስለስ ነው።

«ከክላሽ ጥይት ባሩዱን አውጥቼ በድሮው ሽጉጥ ብሞክርስ?» (ከዘጌ)

በፍጹም! ወንድሜ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ያዝ። የክላሽ ባሩድ ጭስ አልባ የሚባለው ነው፤ በዚያው ስፍር ብትሰፍረው ኃይሉ ከጥቁሩ ብዙ እጥፍ ነው። ያ ሽጉጥ ለዚህ ግፊት አልተሠራም፣ እጅህ ውስጥ ይፈነዳል። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገርም የለም።

«ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአባቴ ሽጉጥ ጎርሶ ይሁን አይሁን አናውቅም። ልጆች አሉን። ከመቶ ዓመት በኋላማ ባሩዱ ሞቷል አይደል?» (ከጎርጎራ፣ እናት)

እትዬ፣ አልሞተም ብለው ያስቡ። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ ዕድሜ አይገድለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ውስጥ ከርስ በርስ ጦርነታቸው የቀረ የመድፍ አረር የሚያጸዳውን ሰው ፈንድቶ ገድሎታል። ከ140 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። የሐይቁ እርጥበት አበላሽቶታል ብለውም አይተማመኑ፣ በጋ ላይ ይደርቃልና። ምላጩን ስቦ መሞከር የለም፣ በአፈሙዙ በኩል አጎንብሶ ማየትም የለም፣ እርሳሱን በምስማር መጎርጎርም የለም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡትና ፖሊስ ይጥሩ፤ የጎረሰው ካለ የሚያውቅ ባለሙያ ያውጣው። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠና እንዲያዝ ከተፈቀደ በኋላ መልሰው ይሰቅሉታል፣ የአባት ማስታወሻ ነው፣ ይገባኛል። እስከዚያ ግን ግድግዳው ላይ አይቆይ፤ ዛሬውኑ ቢሆን ደስ ይለኛል።

«ለሠርግ ያለ እርሳስ፣ ባሩድ ብቻ ብንተኩስስ?»

አይሆንም። እርሳስ ባይኖርም እሳቱና የሚወጣው ትኩስ ፍንጣሪ ቅርብ ያለ ሰው ዓይን ያጠፋል።

«አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥም በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር?»

አዎ። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩላቸው ስጦታ ነበር። ለጦር መሣሪያ የሚሆን ጭስ አልባ ባሩድ በፈረንሳይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1884፣ ከእሳቸው ሞት 16 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ እዚሁ ጣና አካባቢ ወይና ደጋ ላይ በ1543 እ.ኤ.አ. ግራኝ አሕመድን የገደለው ተኩስም ጥቁር ባሩድ ነበር።