የትዳር ቪዛ የግንኙነት ማስረጃ፦ ምን ይያያዝ፣ ምን ይቅር? (ጥያቄና መልስ)

የጋብቻ ሰርተፊኬት መጋባታችሁን ያሳያል፤ ትዳሩ የእውነት መሆኑን ግን አያሳይም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ናቸው። አገር ሳይጠራ የተመለሰው በየትኛውም አገር ይሠራል፤ ደንቡ የሚለያይበት ቦታ ላይ የአገሩ ስም ተጠቅሷል።

ጥያቄ፦ ሰላም። ለባለቤቴ ልሞላላት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻጻፍነውን ሳሳትመው ወደ 900 ገጽ ሆነ። ሁሉንም ላያይዝ?

መልስ፦ አታያይዝ። ኦፊሰሩ 900 ገጽ አያነብም፤ ከመሃል ሁለት ሦስት ቦታ ይገልጣል፣ ያ የገለጠው ገጽ ደግሞ «ደረስሽ?» «አዎ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ካናዳ በቼክሊስቷ ላይ መልእክትን በ10 ገጽ፣ ፎቶን በ20 ገድባለች፤ ገደብ ለማያስቀምጡት አገሮችም ከዚያ ብዙም አትራቅ።

ከትውውቃችሁ እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ በወራት ከፋፍል፣ ከየወሩ ወይም ከየሁለት ወሩ አንድ ገጽ ውሰድ። የምትወስደው ግን «እወድሻለሁ» የበዛበትን አይደለም። ከሌላ ሰነድ ጋር የሚገጣጠመውን ምረጥ። ለምሳሌ «ብሩን ዛሬ ወሰድኩ፣ ለኪራዩ ከፈልኩ» የሚል መልእክት ካለ፣ በዚያው ቀን ገንዘብ የላክበትን ደረሰኝ ከጎኑ አድርግ። «ትኬቱን ቆርጫለሁ» ካልክ ትኬቱ ይከተል። አንዱ ወረቀት ሌላውን ሲደግፍ አሥር ገጹ ከዘጠኝ መቶው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ስክሪንሾት ይሻላል ወይስ ከዋትስአፕ ኤክስፖርት ማድረግ?

መልስ፦ ኤክስፖርት ያደረግሽው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ማንም ከፍቶ ሊለውጠው ስለሚችል ብቻውን ክብደት የለውም። ለራሽ መጠባበቂያ አስቀምጪው፤ ስልኩ ቢጠፋ ትደርሺበታለሽ። የሚያያዘው ስክሪንሾት ነው፤ እሱም ቀን፣ ስምና ስልክ ቁጥር ሲታወቅበት።

ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ሆዴ» ተብሎ ሴቭ የተደረገ ሰው ለኦፊሰሩ ማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማንሳትሽ በፊት ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጊው። ከዚያ የኮንታክቱን ገጽ ከፍተሽ ቁጥሩ የሚታይበትን አንድ ስክሪንሾት ከሁሉም ፊት አስቀምጪ፤ ቁጥሩም ፎርሙ ላይ ከሞላችሁት ጋር አንድ ይሁን። ቀኑን በተመለከተ፣ ቻቱን ወደ ላይ ስትስቢ ቀኑ አናቱ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ እሱ እያለ ነው ማንሳት ያለብሽ። ያለፈውን ሳምንት መልእክት ካነሳሽ «ትናንት» ወይም የቀን ስም ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ከወራት በኋላ ለሚያነብ ሰው ይህ ምንም አይነግረውም። ጥቂት ቀን ቆይተሽ ስታነሺው ሙሉ ቀኑን ይጽፍልሻል።

ለጥሪም እንደዚሁ የጥሪ ዝርዝሩን ከፍተሽ የቆይታ ጊዜው የሚታይበትን አንሺ። መልእክት በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ቅንብር ካበራችሁት ዛሬውኑ አጥፉት።

ጥያቄ፦ መልእክቶቻችን በእንግሊዝኛ አይደሉም። ሁሉም መተርጎም አለበት?

መልስ፦ ያያያዝከው ሁሉ መተርጎም አለበት፤ ያላያያዝከው አይመለከትህም። አሥር ገጽ መርጠህ እሷን በደንብ አስተርጉም። አሜሪካ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ፣ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችል በፊርማው እንዲያረጋግጥ ትጠይቃለች፤ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን የኖተሪ ማህተም ግዴታ አይደለም። እንግሊዝ በዚህ ላይ የትርጉሙን ቀን፣ የተርጓሚውን ሙሉ ስምና አድራሻ ትፈልጋለች። አንተ ራስህ ወይም ባለቤትህ መተርጎም ግን አይመከርም፤ ባለጉዳዩ የተረጎመው ወረቀት ጥያቄ ይጋብዛል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ስንት ይበቃል? የሠርጉ ብቻ 400 አለን።

መልስ፦ ከሠርጉ 5 ወይም 6። የቀረው ከሌላ ጊዜና ከሌላ ቦታ ይሁን። አራት መቶውም ፎቶ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው። በተለያየ ወቅት፣ በተለያየ ልብስ፣ ከሁለቱም ወገን ቤተሰብ ጋር የተነሳችሁትን ፈልጉ። የወላጆች አለመታየት ኦፊሰሮች ቶሎ የሚያዩት ነገር ነው፤ በሕመም ወይም በርቀት ካልተገኙ ከማመልከቻው ጋር በምታያይዙት የማብራሪያ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። በአንድ ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ፣ ከሥሩ ቀን፣ ቦታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ውስጡ ያለውን የቀንና የቦታ መረጃ ስለሚያጣ ኦሪጅናሉን ካነሳው ስልክ ላይ ውሰዱ። የመኝታ ቤት ፎቶና የግል መልእክት አታስገቡ፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጥያቄ፦ እኔ ውጭ ነው ያለሁት፣ እሷ ከቤተሰቧ ጋር። የጋራ አካውንት፣ የጋራ ኪራይ ውል የለንም። ይህ ኬዙን ያበላሸዋል?

መልስ፦ አያበላሸውም። ተለያይቶ የሚኖር ባልና ሚስት አንድ ቤት ውል ላይ ስማቸው ባይገኝ ማንም አይገርመውም፤ እንዲያውም አብራችሁ ሳትኖሩ አብሮ የመኖር ወረቀት ይዛችሁ ብትቀርቡ ነው የሚያጠራጥረው። የምትችሉትን አድርጉ፦ የሕይወት ኢንሹራንስህና የጡረታ አካውንትህ ላይ ተጠቃሚ አድርጋት፣ መሥሪያ ቤትህ ያለው የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስሟ ይሁን፣ የግብር ፎርምህ ላይ ያገባህ መሆንህ በትክክል ይሞላ። የመጨረሻዋን አደራ። ኢሚግሬሽን ላይ «ባለትዳር»፣ ግብር ላይ «ያላገባ» ብሎ የሞላ ሰው በገዛ ወረቀቱ ነው የሚጠየቀው።

አውስትራሊያ ማስረጃን በአራት ትከፍላለች፦ የገንዘብ ጉዳይ፣ የቤት ውስጥ ኑሮ፣ ማኅበራዊ ዕውቅናና የወደፊት ቁርጠኝነት። ለሌላ አገር የምታመለክቱም ብትሆኑ በዚህ ከፋፍላችሁ ብታዩት የጎደላችሁ ወዲያው ይታያችኋል።

ጥያቄ፦ እኔ እስካሁን ብር የምልከው በእህቷ ስም ነበር፣ ለመቀበል ይቀላታል ብለን። አይቆጠርም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቆጠራል፣ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። እህትየዋ ገንዘቡን ለማን እንደምትሰጥ የገለጸችበት የተፈረመ ደብዳቤ፣ የመታወቂያዋ ኮፒና እህትማማችነታቸውን የሚያሳይ ሰነድ አያይዝ። ብሩ መድረሱን የሚናገር የዚያን ቀን መልእክት ካለ የበለጠ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በራሷ ስም ላክ። በሰው እጅ የተላከ ጥሬ ገንዘብ ምንም ዱካ ስለማይተው እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የደረሰኝና የቦርዲንግ ፓስ ወረቀት ብዙ ጊዜ በሙቀት የሚታተም ነው፤ ከጊዜ በኋላ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ይሆናል። እንደተቀበልክ ስካን አድርገው። ከአንዳንድ አየር ማረፊያ ደግሞ ፓስፖርት ላይ ማህተም ሳይመታ ነው የሚወጣው፣ ያኔ መሄድህን የሚያሳየው ያ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የምስክር ደብዳቤ ማን ይጻፍልን? ናሙና ካለ?

መልስ፦ ናሙና አልሰጥም፣ ምክንያቱም የሚያበላሸው ናሙናው ነው። ሦስት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ሲፈርም ደብዳቤው ከነምስክሩ ይወድቃል። የአሜሪካው አይ-130 (ለቤተሰብ የሚሞላው ማመልከቻ) ፎርም መመሪያ የሚፈልገው ግልጽ ነው፦ የምስክሩ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ ትዳራችሁን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ዝርዝሩ። ክብደቱ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» ምንም አይሠራም፤ «በዚህ ወር ሲመጣ እኔ ቤት አምስት ቀን አርፈዋል» ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል፣ ከሁለቱም ወገን ቢሆን ይመረጣል። አውስትራሊያ ለዚሁ ፎርም 888 የሚባል አላት።

ጥያቄ፦ በአካል የተገናኘነው አንዴ ነው፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ተጋባን።

መልስ፦ መጀመሪያ ሕጉን እዪ። እንግሊዝ ባልና ሚስት በአካል የተገናኙ መሆን አለባቸው ትላለች። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ፣ ኬ-1፣ ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘት ይጠይቃል። ካናዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሰኔ 2015 ወዲህ አንዱ ወገን በአካል ሳይገኝ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ በመርህ ደረጃ አትቀበልም። እነዚህን ካለፋችሁ ሁለት ሳምንት አይከለክልም፣ ግን ፋይሉ ሸክሙን በሌላ መሸከም አለበት፦ ከመገናኘታችሁ በፊት የነበረው የጥሪ ታሪክና ከሠርጉ በኋላ ያለው። ከሠርጉ በኋላ ጥሪው ቀንሶ ከታየ ኦፊሰሩ የሚጠይቅሽ ስለዚያ ነው። ከማመልከቻው በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ መሄድ ከቻለ ከብዙ ወረቀት የበለጠ ይረዳችኋል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ለጉብኝት ቪዛ ሳመለክት «ያላገባ» ብዬ ሞልቻለሁ። በሃይማኖት ግን ተጋብተን ነበር፣ የሕጉን በኋላ ነው የፈረምነው።

መልስ፦ የድሮው ማመልከቻ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቁጠረው። ሁለቱን ቀን አትደባልቅ፦ ፎርሙ ላይ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ሕጋዊ ቀን ይግባ፣ የሃይማኖቱን ሥነ ሥርዓት ደግሞ በደብዳቤው ላይ ከነቀኑ ግለጽ፤ የዚያን ቀን ፎቶ አታስቀር። ሕጋዊ ጋብቻ አለመኖሩን ያኔ በቅንነት ነው የሞላኸው ከሆነ ማብራሪያው ቀላል ነው። የሃይማኖቱ ጋብቻ በአገሩ ሕግ የሚጸና ከሆነ ወይም ልጅን፣ የቀድሞ ትዳርን የደበቅህ ከሆነ ግን ከመላክህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፤ የሐሰት መረጃ ጉዳይ በደብዳቤ ብቻ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ አንድ አስፈጻሚ «የጎደለውን የኪራይ ውልና ፎቶ እኔ አዘጋጃለሁ» አለኝ።

መልስ፦ ሽሺ። አሜሪካ የውሸት ጋብቻ ማመልከቻ ውስጥ የተገኘን ሰው በኋላ እውነተኛ ትዳር ይዞ ቢመጣ እንኳ ማመልከቻውን አትቀበልም። እንግሊዝ ለማታለል 10 ዓመት፣ ካናዳ ለሐሰት መረጃ 5 ዓመት ታግዳለች። የጎደለ ወረቀት ይጠየቃል፤ የተፈበረከ ወረቀት ደግሞ እውነተኛውንም ይዞት ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ጠፍቶ የሁለት ዓመት መልእክት አብሮ ሄደ።

መልስ፦ የባለቤትሽ ስልክ አለ አይደል? ያው ንግግር እዚያ ነው ያለው። ፌስቡክና ኢንስታግራም የራስን ዳታ ማውረጃ አላቸው፣ የገንዘብ ላኪ ድርጅቶች የቆየ ዝርዝር ሲጠየቁ ይሰጣሉ፣ ትኬቶች ኢሜይል ውስጥ ይገኛሉ። ያልተገኘውን ክፍተት በደብዳቤው ላይ በግልጽ ጻፊው።

ጥያቄ፦ ስሟ ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ ፊደል ተለይቷል። ቀኑም በሌላ የዘመን አቆጣጠር ነው።

መልስ፦ ፊደሉን ከሰጪው ቢሮ ማሳረም ከተቻለ እሱ ይቀድማል፤ ካልተቻለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የመሐላ ቃል። ለቀኑ ተርጓሚው የመጀመሪያውን እንዳለ አስቀምጦ ከጎኑ የተቀየረውን ይጻፍ። ከዚያ ራስህ ቁጠረው፣ የተርጓሚ የቀን ስህተት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ አስገብተናል። አሁንም መሰብሰብ አለብን?

መልስ፦ አዎ፣ እስከ ኢንተርቪው ቀን። አሜሪካ ተጨማሪ ማስረጃ ስትጠይቅ የምትሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ነው፤ መልሱም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉንም አሟልቶ ነው የሚላከው፣ እየቆራረጡ መላክ የለም። ትዳሩ 2 ዓመት ሳይሞላው የገባ ሰው ግሪን ካርዱ ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሁለታችሁ አይ-751 የሚባለውን፣ የሁለት ዓመቱን ገደብ ለማስነሳት የሚሞላውን ፎርም ትሞላላችሁ፣ ያኔ የሚጠየቀው አብሮ የመኖር ማስረጃ ነው። እንግሊዝም መጀመሪያ የምትሰጠው 33 ወር ነው፣ ለማራዘም አብራችሁ የኖራችሁበት አድራሻ ላይ የመጡ ደብዳቤዎች ይታያሉ። ስለዚህ ከገባችሁበት ሳምንት ጀምሮ የሁለታችሁ ስም ያለበትን እያንዳንዱን ቢል አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ፋይሎቹን እንዴት ልሰይማቸው?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊት ቁጥር፣ ቀጥሎ ይዘቱና ዓመቱ። የሌላ ቋንቋ ፊደል ያለበትን ስም አንዳንዱ ሲስተም አይቀበልም። ስክሪንሾቶቹን አንድ በአንድ ከመጫን በየዓይነቱ ወደ አንድ ፒዲኤፍ ሰብስባቸው፣ የመጀመሪያው ገጽ ማውጫ ይሁን፣ ገጹም ይቆጠር። ኦሪጅናሎቹን ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል በአንድ ፎልደር አድርገህ ለኢንተርቪው አስቀምጥ።