የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የብራዚል ምግብና ኮክቴል ቤት ሲገቡ

«ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሥጋው እየዞረ ወደሚቀርብበት የብራዚል ቤት ልንሄድ ነው። ክፍያው በሰው ነው። ቶሎ ጠግበን ገንዘባችን እንዳይባክን ምን እናስቀድም?» (አንባቢ፣ ከለገጣፎ)

የጠየቁት አቀራረብ ሮዲዚዮ ይባላል። አስተናጋጆቹ በረጅም የብረት ዘንግ የተሰካ ጥብስ ይዘው በየጠረጴዛው እየዞሩ ሳህንዎ ላይ ይቆርጡልዎታል። ፊት ለፊትዎ የሚቀመጠው ካርድ በአረንጓዴው በኩል ከሆነ «አምጡ»፣ በቀዩ በኩል ከሆነ «ቆዩ» ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ካርዱን አረንጓዴ ላይ ትቶት ጨዋታ ይይዛል። ሥጋው ሳህኑ ላይ ተከምሮ ይቀዘቅዝና ጮማው ይረጋል። አንድ ቁራጭ እንደቀረበልዎ ካርዱን ቀይ ያድርጉት፤ ሲጨርሱ ይመልሱት። አስተናጋጁ አይቀየምም፤ ካርዱ የተሠራው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ቋሊማና የዶሮ ሥጋ ናቸው፤ ቶሎ ስለሚበስሉ። ከጎን ሩዝ፣ የተጠበሰ ካሳቫና ፓኦ ዴ ኬዡ የሚባለው የአይብ ዳቦ ይደረደራሉ። ዳቦው ከካሳቫ ስታርች ስለሚጋገር ከምድጃ እንደወጣ ካልተበላ ይደርቃል፤ ትኩስ ከሆነ አንድ ይቅመሱና ይለፉት። ሆድዎን ለፒካኛ ያቆዩ።

ፒካኛ ከበሬው ታፋ ላይኛ ጫፍ፣ ወደ ጭራው አካባቢ የሚወጣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሥጋ ነው። በአንድ ጎኑ ወፍራም ጮማ አለው። አንዱ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ከጎኑ ያለው ጠንካራ የታፋ ሥጋ አብሮ ተቆርጧል። ጮማው ተገፎ ከመጣም የቤቱን ችሎታ ይጠራጠሩ፤ ሥጋው ውስጡ ብዙ ስብ ስለሌለው ሳይደርቅ የሚጠበሰው በዚያ ጮማ ነው። ቅመሙ ድፍን ጨው ብቻ ነው። ደቃቅ ጨው ሥጋው ውስጥ ሰርጎ ከመጠን በላይ ያጨውና ጭማቂውንም ያወጣዋል። ድፍኑ ግን ከመቅረቡ በፊት መትተው ያራግፉታል። በደንብ የበሰለ ከወደዱ «ይብሰልልኝ» ብለው ዘንጉን ወደ እሳት አይመልሱት፤ ቆዳ ይሆንብዎታል። የዳር የዳሩን እንዲቆርጡልዎ ይጠይቁ፤ ውስጡን ለስላሳ የሚወድ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

አሁን ወደ ሻኛ። የብራዚል ከብት አብዛኛው ሻኛ ያለው የዜቡ ዘር ነው፤ በብዛት የሚረባው ኔሎሬም ስሙን ያገኘው ከህንድ አገር ነው። ስለዚህ እነሱም ሻኛ ይበላሉ፤ ኩፒን ይሉታል። ልዩነቱ አበሳሰሉ ላይ ነው። እኛ ጥሬውን በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ እንበላዋለን፤ እነሱ ጠቅልለው በዝግተኛ እሳት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያቆዩታል። ምክንያቱም ሻኛ ስቡና ጅማቱ እርስ በርስ የተጠላለፈ ነው፤ ጅማቱ የሚሟሟው በረጅም ሙቀት ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ የተጠበሰ ኩፒን ጎማ ነው። ቦታ ለመያዝ ሲደውሉ «ኩፒን አለ? ስንት ሰዓት ላይ እሳት ላይ ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳ የሚቀርበው ጠዋት ካልተጀመረ ባያዙት ይሻላል። የአገራችን በሬም ሻኛው ያማረ ስለሆነ፣ አበሳሰሉን የሚያውቅ ቤት ካገኙ ከፒካኛውም በላይ የሚያስደስትዎ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

«ካይፒሪኛ አዝዤ መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ ግማሹ ላይ ስደርስ መረረኝ። የመጠጡ ጠባይ ነው ወይስ የባርማኑ ጥፋት?» (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

የአሠራር ጉድለት ነው። ካይፒሪኛ በሚባለው የብራዚል ኮክቴል ውስጥ ያለው ካሻሳ (የሸንኮራ አገዳ አረቄ)፣ ሎሚ፣ ስኳርና በረዶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። መጠኑ 60 ሚሊ ሊትር ካሻሳ፣ አንድ ሎሚና አራት የሻይ ማንኪያ ነጭ ስኳር ነው። ሎሚ ሲባል ግን እነሱ የሚጠቀሙበት ትልቅና ፍሬ አልባ የሆነውን አረንጓዴ ሎሚ ነው። የእኛው ትንሽ፣ ፍሬው ብዙና ኮምጣጣ ስለሆነ ሁለት ትንንሽ ያስፈልጋል።

ምሬቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከልጣጩ ሥር ካለው ነጭ ክፍል፣ ከመሀል ለመሀል ካለው ነጭ ዘንግና ከተፈጨ ፍሬ። ጎበዝ ባርማን የሎሚውን ሁለት ጫፍ ይቆርጣል፣ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ነጩን ዘንግ በቢላዋ ያወጣል፣ ፍሬውን ይለቅማል፣ ከዚያ ይቆራርጠዋል። ስኳሩን ጨምሮ በትንሽ የእንጨት ዘነዘና አራት አምስት ጊዜ ጫን ጫን ያደርገዋል። መጫን እንጂ መውቀጥ አይደለም። የስኳሩ ቅንጣት ልጣጩን እየፋቀ ዘይቱን ያወጣል፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ለዚህም ነው በስኳር ሽሮፕ የተሠራ ካይፒሪኛ ሽታው የሚደክመው። ባርማኑ እንደ በርበሬ ሲደቁሰው ካዩ ምሬቱ ከመምጣቱ በፊት ያውቁታል። ሎሚው ብርጭቆው ውስጥ ስለሚቀር፣ የተደቆሰ ከሆነ እየቆየ ይበልጥ ይመራል። የእርስዎም ግማሹ ላይ የመረረው በዚህ ነው።

በረዶው ብርጭቆውን መሙላት አለበት። ትንሽ በረዶ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል። ከምን ውኃ እንደተሠራም ይጠይቁ፤ የተጣራ ካልሆነ አልኮሉ አያድንዎትም።

ካሻሳ ከትኩስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚጣራ ሲሆን፣ የብራዚል ሕግ ጥንካሬውን ከ38 እስከ 48 በመቶ ወስኖታል። ረም ግን በአብዛኛው የሚሠራው ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ነው። ቤቱ ካሻሳ ከሌለው በቮድካ የሚሠራውን ካይፒሮስካ ይዘዙ፤ ራሱን የቻለ፣ ብራዚል ውስጥም የታወቀ መጠጥ ነው። በኡዞ እንሥራልዎ ካሉ ግን እምቢ ይበሉ፤ የአኒሱ ሽታ ሎሚውን ያጠፋዋል።

አንድ ነገር እንጨምርልዎ። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ካሻሳ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ያለው 16.5 ነው። ሁለት ካይፒሪኛ ማለት ሦስት ቢራ ገደማ ነው፤ ስኳሩ ግን ያንን ይሸፍንብዎታል። በምሽት የእንጦጦን ጠመዝማዛ ወርደው ወደ ከተማ ለመግባት ካሰቡ መኪናዎን ቤት ይተዉ።

«እናቴን ልጋብዝ ነው። የአሳማ ሥጋ አትበላም፤ ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። ፌይጆዋዳ ልዘዝላት?» (አንባቢ፣ ከቡራዩ)

በዋናው አሠራር ከሆነ አይዘዙላቸው። ፌይጆዋዳ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ጎድን፣ ጆሮ፣ እግርና ቋሊማ ጋር አብሮ የሚቀቀልበት ወጥ ነው። ብራዚል ውስጥ በልማድ የሚቀርበው ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ረቡዑ ደግሞ ለእናትዎ ጾም ነው። በበሬ ሥጋ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ሲጠይቁ ግን «አሳማ አለበት?» ብለው አይቁሙ። ቋሊማው ከምን እንደሆነ፣ ጥብሱም ከአሳማው ጋር አንድ ዘንግ ወይም አንድ ማጥበሻ ይጋራ እንደሆነ ይጠይቁ። የሙስሊም እንግዳ ካለዎት የአስተራረዱን ጉዳይም ቀድመው ያጣሩ።

በጾም ቀን የሚያታልሉት የጎን ምግቦቹ ናቸው። ቦሎቄው ለብቻው ሲታይ የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአሳማ ስብ ቁሌት ይሠራል። ፋሮፋ፣ ማለትም የተቆላው የካሳቫ ዱቄት፣ በቅቤ ይታሻል። በቀጭኑ የተከተፈው ጎመን ውስጥ ቤከን ይገባል። የተጠበሰው ካሳቫ ከዶሮው ጋር አንድ ዘይት ውስጥ ይገባ ይሆናል። ከአንድ ቀን በፊት ደውለው ጎመኑን፣ ቦሎቄውንና ፋሮፋውን በዘይት እንዲያዘጋጁ ቢያሳስቡ ከነጭ ሩዝና ከተቆራረጠ ብርቱካን ጋር ጥሩ ማዕድ ይወጣዋል። ብርቱካኑ ለጌጥ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲው በቦሎቄው ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዲወሰድ ያግዛል።

ቦሎቄው ጥርስ ላይ ከጠነከረ ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያልተዘፈዘፈና በፕሬሸር ድስት ያልበሰለ ጥቁር ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም ላይለሰልስ ይችላል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ከገባበትም ይጠነክራል።

«አልኮል አልጠጣም። ከለስላሳ ውጭ ምን ልዘዝ?» (አንባቢ፣ ከሰበታ)

ሊሞናዳ ስዊሳ። አራት የታጠቡ ሎሚዎች ከነልጣጫቸው ተቆራርጠው፣ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳርና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተጨመቀ ጣፋጭ ወተት (ኮንደንስድ ሚልክ) ይገባበታል። ጁስ መፍጫው የሚሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይጠለላል፣ ወዲያው ይጠጣል። ጠዋት ተሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ከሆነ ይመራልና አይቀበሉ። ወተት ስላለበት የጾም አይደለም።

«ሜኑው ላይ ያየሁትና የከፈልኩት አልገጠመልኝም።» (አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

ከሜኑው ግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ። ዋጋው ቫትንና አገልግሎትን የማይጨምር ከሆነ፣ 1000 ብር ላይ 10 በመቶ አገልግሎት ሲታከል 1100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1265 ብር ይሆናል። አገልግሎት ደረሰኙ ላይ ከተያዘ ጉርሻ መጨመር በፈቃድዎ ነው። በሰው በሚከፈልበት ቤት ደግሞ መጠጥ፣ ጣፋጭና የልጆች ሂሳብ አብሮ መታሰቡን ወይም ለብቻው መሆኑን ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ።