ቀለህ ሳጸዳ ጣቴ ይጠቁራል፤ ይመርዘኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ኢላማ ተኩስ እወዳለሁ፣ ፈቃዴም ሕጋዊ ነው። የተኮስኩበትን ቀለህ (የጥይቱን የነሐስ ቀፎ) ለቅሜ፣ አጽድቼና ወልውዬ እንደገና እሞላዋለሁ። የምሠራው ቤት ውስጥ፣ ልብስ ከምናጥብበት ክፍል ጥግ ላይ ነው። ቀለሁን የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍጭ ካለበት የሚንቀጠቀጥ ማሽን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆየዋለሁ። ከዚያ በወንፊት እለየዋለሁ። ስጨርስ ጣቶቼ ጥቁርና አረንጓዴ ይሆናሉ፣ እጄም ብረት ብረት ይሸታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴም ይደርቃል። ነሐሱ በቆዳዬ እየገባ ይሆን? ጓንት ባደርግስ ይበቃኛል? የሁለት ዓመት ልጅ አለችን፤ ባለቤቴም «ይሄን ነገር ከቤት አውጣልኝ» እያለች ነው።

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ከዚያ እንጀምር።

ነሐሱን ግን አይፍሩት። የቀለህ ነሐስ ከመቶ 70 ያህሉ መዳብ፣ የቀረው ዚንክ ነው። ጣትዎ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ነው፤ ታጥቦ ይሄዳል። ሽታውም ቢሆን ብረቱ ሲነካው የቆዳዎ ቅባት የሚያወጣው ነው። በቆዳ ገብቶ የሚመርዝዎ ነሐስ የለም።

እኔን ያስፈራኝ ጥቁሩ ነው። ከቀለሁ ቂጥ ላይ የመሣሪያው መርፌ ሲመታት እሳት የምትጭር ትንሽ ቆብ አለች፤ ፕራይመር የምትባለው። የአብዛኞቹ ፕራይመሮች ማቀጣጠያ ከእርሳስ ውሁድ የተሠራ ነው፤ ባሪየምና አንቲሞኒም አለበት። በተኮሱ ቁጥር ያ እርሳስ ደቃቅ ጥላሸት ሆኖ ቀለሁ ውስጥ ይለጠፋል። (እርሳስ ስል ደብተር ላይ የምንጽፍበትን አይደለም። የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው። እኔ የምለው አረር የሚሠራበትን ከባዱን ብረት ነው።)

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ያስቡት። ያንን ጥላሸት ከእያንዳንዱ ቀለህ ፍቆ ወደ ቆረቆንዳው ፍጭ ያስተላልፋል። ቀለሁ በነጣ ቁጥር ፍጩ ይጠቁራል። አንድ ፍጭ ደግሞ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይሠራበታል። ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ብዙው ውስጥ ነው። ክፉዋ ደቂቃ በወንፊት የሚለዩባት ናት። በመስኮት የፀሐይ ጨረር ሲገባ ወንፊቱን አንዴ ነቅነቅ ያድርጉትና ጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ይመልከቱ። ከዓይን የሚያመልጠው ከሚታየው ይበልጣል፤ እሱ ነው ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው። እዚያ ከደረሰ አብዛኛው ወደ ደም ያልፋል።

ስለዚህ ጓንቱን ያድርጉ፤ በእጅ ወደ አፍ የሚሄደውን ይቀንስልዎታል። አፍንጫዎን ግን አይሸፍንልዎትም።

የራስ ምታቱና የሆድ ድርቀቱ ከእርሳስ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ እነዚህ ሁለቱ ከመቶ ነገር ሊመጡ የሚችሉ ናቸው። የእርሳስ መመረዝ ተንኮሉ ይኸው ነው። ድካም፣ ንዴት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መርሳት፣ የደም ግፊት። ሰውየው ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል፤ «ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። እርስዎ ራስዎ ስለነገሩኝ ሥራዬን አቀለሉልኝ።

በግምት አንሂድ፤ ደም ይስጡ። የሚታዘዘው የደም እርሳስ መጠን ነው። የፀጉር ምርመራ አይረባም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ። ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ከሆነ እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፤ ቆዳ ላይ የቀረ ብናኝ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ያሳስታል። ከፍ ካለ ከደም ሥር ተቀድቶ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ መጠኑ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ እንዲቆም ያዛል። ከ5 በታች ማለት ግን ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። አብረው የደም ግፊትዎን፣ የኩላሊትዎን ሁኔታና የደም ማነስ ካለ ይታዩ።

ልጅዎም ትመርመር። እንዲያውም ከእርስዎ ትቅደም። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ ከመቶ 10 ገደማ ወደ ደሙ ይገባል፤ ሕፃን ግን እስከ ግማሹን ልትወስድ ትችላለች። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ዓለምን የምታውቀው በአፏ ነው። ወለል ነክታ ጣቷን ትጠባለች። አእምሮዋ ገና እየተሠራ ነው፤ እርሳስ እዚያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመልሶ አይጠገንም። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ስሰማ የደነገጥኩት ለዚህ ነው፤ ፎጣዋም ልብሷም እዚያው ነው የሚውለው። ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመፀነስ ካሰቡ እሳቸውም ይመርመሩ፤ እርሳስ ወደ ፅንስ ያልፋል።

ተዉት አልልም። ብልም አይሰሙኝም። አሠራሩን ይቀይሩ እንጂ።

ማሽኑ ከመኖሪያ ቤት ይውጣ። ከተቻለ ደረቁን ትተው በውኃ ይሠሩ፦ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቁንጥር የሎሚ አሲድ፣ ደቃቅ የማይዝግ ብረት ዘንጎች። እርሳሱ ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ አየር ላይ አይወጣም። የሚወጣው ጥቁር ውኃ መርዝ ነው፤ ጓሮ አይድፉት፣ በአካባቢዎ የአደገኛ ፍሳሽ ደንብ መሠረት ያስወግዱት። ቀለሁን ለማድረቅ ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ አይክተቱ፤ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ማሳደር ይበቃል፣ ፎጣውም ለዚያ ብቻ ይሁን። ደረቁን ካልተዉ ደግሞ ደጅ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርገው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል የብናኝ ማስክ ለብሰው ይለዩ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም።

ወለሉን አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ተራ የቤት ቫኪዩም ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይበትነዋል። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጅና ፊት መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ያንን ልብስ ለብቻው ማጠብ፣ ከዚያ ልጅ ማቀፍ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ሥራው ላይ ሳሉ አይብሉ፣ አያጭሱ።

ስለ ቀለህ መወልወያው አንድ ነገር፦ አሞኒያ ያለበትን አይጠቀሙ። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሆስፒታል ያስተኛል። ነሐሱንም ይጎዳል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ዝናብ በመጣ ቁጥር ቀለሁ እየተሰነጠቀ ግራ ያጋባው ነበር። ጥይቱ የሚከማቸው ፈረስ በረት አጠገብ ነበርና፣ ከሽንቱና ከፋንድያው የሚወጣው አሞኒያ ኖሯል። ነገሩ በደንብ የተፈታው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው።

«ወተት ብጠጣ አያጥበውም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አያጥበውም። ካልሲየምና አይረን ያልጎደለው ሰው እርሳስን በአንጀቱ የሚስበው ያንሳል፤ ጥቅሙ እዚህ ድረስ ነው። በሳንባ የገባውን ወተት አያገኘውም። እርሳስን ከሰውነት የሚያወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ መጠኑ በጣም ከፍ ሲል በሐኪም ክትትል የሚሰጡ ናቸው፣ የራሳቸው ጉዳት ስላላቸው ለትንሽ መጠን አይታዘዙም። ለአብዛኛው ሰው ሕክምናው ምንጩን መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ ደም ውስጥ ያለው በወር ገደማ በግማሽ ይወርዳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ ለዚህ ነው «ውጤቱ እስኪያስፈራ ልቆይ» የማይባለው።

ውጤቱ እስኪደርስ ማሽኑን ያቁሙት፤ ያንን የጠቆረ ፍጭ ደግሞ ውኃ አርከፍክፈው፣ በሁለት ፌስታል አሥረው፣ ልጅዎ ከማትደርስበት ያስቀምጡ። የራስ ምታቱ ከጠናብዎ፣ ሆድዎን አጥብቆ ከቆረጠዎ ወይም ልጅቷ ካስመለሳትና ከፈዘዘች ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲደርሱም ቀለህ እንደሚያጸዱ ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው የሚጠይቅዎ ላይኖር ይችላል።