መኪናው ሳይኖር ስለ ሹፌር አልባ መኪና ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «አዳማ የምማር የኮምፒውተር ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬን በኮምፒውተር ቪዥን (ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲረዳ የማድረግ ዘርፍ)፣ በተለይ በሹፌር አልባ መኪና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን “መኪናው የት አለ? በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ላይዳሩስ?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ውጭ አገር ፒኤችዲ መማር አስባለሁ። ቤተሰቦቼ ደግሞ ባንክ የሶፍትዌር ሥራ ተገኝቶልሻልና ግቢ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ስልሽ ቅር አይበልሽ።

የአማካሪሽ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ደግሞም መልስ አለው። በዚህ ዘርፍ ብዙው ምርምር የሚሠራው መኪና ሳይነካ ነው። ሌሎች ቀርጸው በለቀቁት ዳታሴት (የተዘጋጀ የመረጃ ስብስብ) ላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመኑ ካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ቺካጎ ያለው የቶዮታ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኪቲ የሚባለውን ዳታሴት አወጡ። አንድ መኪና ላይ ካሜራና ላይዳር ገጥመው ካርልስሩኸንና አካባቢዋን እየዞሩ የቀረጹት ነው። ኑሲንስ የሚባለው ሌላ ዳታሴት ደግሞ ከቦስተንና ከሲንጋፖር የተቀረጹ፣ እያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ የሚሆኑ 1,000 ትዕይንቶች አሉት። የላይዳሩም መረጃ አብሮ አለ። ካርላ የሚባል፣ መንዳትን በኮምፒውተር የሚያስመስል ነጻ ሲሙሌተርም አለ፤ ግን ጠንካራ ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል) ስለሚፈልግ ለጊዜው ተዪው።

ጂፒዩ ካነሳን፣ ካግል የሚባለው ድረ ገጽ በሳምንት 30 ሰዓት ገደማ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። የጎግል ኮላብም አለ። ትልቅ ሞዴል (ከምስሎች ተምሮ ነገሮችን የሚለይ ፕሮግራም) ከባዶ ለማሠልጠን አይበቃም። የሠለጠነ ሞዴል ወስዶ ለማስተካከልና ለመፈተን ግን ይበቃል። ቼክፖይንት (ሥልጠናው የደረሰበትን ቅጂ) ቶሎ ቶሎ አስቀምጪ፤ ኔትወርክ ሲሄድ የሌሊቱ ልፋት አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው። «ሹፌር አልባ መኪና» ፍላጎት እንጂ የመመረቂያ ርዕስ አይደለም። ርዕስ የሚሆነው በአንድ ዓመት ተለክቶ የሚያልቅ ጥያቄ ነው። የኪቲን ምድቦች እያቸው፦ መኪና፣ ቫን፣ የጭነት መኪና፣ እግረኛ፣ ብስክሌተኛ፣ ትራም። ባጃጅ የለም። የአህያ ጋሪም የለም። እዚያ የሠለጠነ ሞዴል አዳማ መንገድ ላይ ባጃጅ ሲያይ ምን ይላል? መኪና ነው ይላል ወይስ ጭራሽ ያልፈዋል? ሃይደራባድ ያሉ የህንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ችግር ስለገጠማቸው ከራሳቸውና ከባንጋሎር መንገዶች 10,000 ምስሎች ሰብስበው ዳታሴት ሠሩ። በእሱ ውስጥ ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ የራሱ ምድብ አለው።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ በጀርመን ምስል የሠለጠነውና በህንድ ምስል የሠለጠነው ሞዴል አዳማ ላይ ሲፈተኑ ምን ያህል ይሳሳታሉ? ጥቂት መቶ የአዳማ ምስሎች ቢጨመሩላቸውስ ምን ያህል ይሻሻላሉ? ለዚህ የሚያስፈልግሽ ስልክ፣ ትዕግሥትና ምስሎቹ ላይ በእያንዳንዱ ተሽከርካሪና እግረኛ ዙሪያ ሳጥን የሚያስሠምር ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሳጥን ማሥመሩ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። የተወሰኑትን ምስሎች ጓደኛሽም ለብቻዋ ታሥምርና ልዩነታችሁን ለኪ። ይህን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ገምጋሚ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ሳትይዢ ደግሞ መንገድ ዳር ቆመሽ አትቅረጪ። ፖሊስ «ምንድን ነው የምትቀርጪው?» ሲልሽ ስለ ዶሜይን ሺፍት (ሞዴል ከሠለጠነበት የተለየ ቦታ ሲገባ ስለሚገጥመው ችግር) ማስረዳት ይከብዳል። ምስሎቹን ለሌላ ከማካፈልሽ በፊት ፊትና ታርጋ አደብዝዢ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ስለወጣ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

ፒኤችዲውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ሙከራ ከነኮዱ ጊትሃብ (ኮድ ለሕዝብ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ተቀምጦ ሲገኝ «ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጥልቅ ፍቅር አለኝ» ከሚል ደብዳቤ በብዙ ይበልጣል። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ከሥራዎቹ አንዱን አንብበሽ አንድ ቁም ነገር ጠይቂ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ የትም አያደርስም። አሜሪካን ብቻ አትመልከቺ፤ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ኪጋሊ ውስጥም ካምፓስ አለው። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የሚባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ዓመታዊ ጉባኤም ሰው ለመተዋወቅ ጥሩ ነው።

ግን ሕይወትሽን ሙሉ ሹፌር አልባ መኪና ላይ አትንጠልጥዪው። ፎርድና ፎልክስዋገን ገንዘብ ያፈሰሱበት የሹፌር አልባ መኪና ኩባንያ አርጎ ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። ጄኔራል ሞተርስም በ2024 መጨረሻ ክሩዝ ለሚባለው ኩባንያው የሮቦታክሲ (ሹፌር አልባ ታክሲ) ሥራ ገንዘብ መስጠት አቆመ። የጎግል እህት ኩባንያ ዌይሞ ግን አሜሪካ ውስጥ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሹፌር ተሳፋሪ እያመላለሰ ነው። ገበያው እንዲህ ወጣ ገባ ነው። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ የምትጽፊው ችሎታሽን ይሁን፦ ነገሮችን ከምስል መለየት፣ የካሜራ ካሊብሬሽን (ካሜራው በትክክል እንዲለካ ማስተካከል)፣ የዳታ ጥራት። እነዚህ እርሻም፣ ሕክምናም፣ ካርታ ሥራም ይፈልጋቸዋል። አዲስ አበባ ተወልዳ ስታንፎርድ ፒኤችዲዋን የሠራችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር 50 ሚሊዮን የጎግል ስትሪት ቪው (የመንገድ ዳር ፎቶ) ምስሎች ላይ ያሉትን መኪኖች ለይታ የየሠፈሩን ነዋሪ ገቢና የምርጫ ዝንባሌ ገምታለች። መኪናና ካሜራ ነው፤ ማሽከርከር ግን የለበትም።

የባንኩ ነገር? ቤተሰቦችሽ ክፉ አልመከሩሽም። መመረቂያሽን እስክታቀርቢ ይጠብቁሽ እንደሆነ ጠይቂ። የአሜሪካ ማመልከቻ በአብዛኛው ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል፣ ትምህርቱ የሚጀምረው በቀጣዩ ነሐሴ ወይም መስከረም ነው። በመሃል ያሉትን ወራት ባንኩ ብትሠሪ ደመወዝም ታገኛለሽ፣ ኮድ መጻፍም ይሳልልሻል። የማመልከቻ ክፍያውን በዶላር መክፈል ካስቸገረሽ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ለትምህርት ክፍሉ ጽፈሽ እንዲያነሱልሽ ጠይቂ። አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ።