በሚያበሩ ክሪስታሎች ብክለትን መለየት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ሞፍ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ የብረታ ብረት አተሞች በካርቦናዊ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚፈጥሩት ክሪስታል ነው። ውስጡ ባዶ ክፍል በባዶ ክፍል ነው። የአንዲት ግራም የውስጥ ገጽ ቢለካ በሺዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይወጣዋል። ለዚህ ሥራ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸልመዋል።

ጥያቄ፦ ብክለት የሚለዩት ሞፎች ያበራሉ ይባላል፤ ብርሃኑስ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከብረታ ብረቱ አተም ነው። ዩሮፒየም ያለበት አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው ጨረር) ሲበራበት ቀይ ይሆናል፣ ተርቢየም ያለበት ደግሞ አረንጓዴ። ብክለቱ ሲጠጋው ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ ይደምቃል ወይም ቀለም ይቀይራል።

ጥያቄ፦ ከደበዘዘ ውሃው መርዝ አለበት ማለት ነዋ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳይክሮሜትን እንውሰድ፤ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት ነው። ራሱ አልትራቫዮሌቱን ስለሚውጠው ለክሪስታሉ የሚተርፈው ጨረር ያንሳል። ክሪስታሉን ሳይነካው እንኳ ያደበዝዘዋል። ችግሩ፣ የሟሟ ብረትም (አይረን) እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ በብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ አለ። ውሃው ቢደፈርስም ብርሃኑ ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ የማምነው ሁለት ቀለም የሚያወጡትን ነው። ሁለቱም እኩል ከቀነሱ መብራቱን ወይም ድፍርሱን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከወረደ ግን ትኩረት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ክሪስታሉ ራሱ ውሃ ውስጥ አይፈርስም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞፍ-5 የሚባለውን የአየር እርጥበት ብቻ ያበላሸዋል። በዚርኮኒየም የተሠራው ዩአይኦ-66 ግን ውሃን በደንብ ይቋቋማል። ክሪስታሉ ሲፈርስም ብርሃኑ ስለሚጠፋ ብክለት የተገኘ ይመስላል። ከሙከራው በኋላ ክሪስታሉ በኤክስሬይ ካልታየ ውጤቱን አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ጥቂት መጠን ቢለይ ይበቃል?

መልስ፦ ከሚፈቀደው ጣሪያ በታች መለየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር ለክሮሚየም 50፣ ለእርሳስ 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ መመርመሪያ እርሳስን የሚያየው ከ100 ጀምሮ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪ ምርመራ ፋንታ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ለጊዜው አይሆንም። የቱ ናሙና ቶሎ ላቦራቶሪ ይሂድ የሚለውን ለመለየት ግን ጥሩ አጋዥ ነው።